የአልታዬ አፍንጫ

ክንፈ ቀና ብሎ ሰው ማየት የሚያፍር ሠዓሊ ነበር። የመካነ ሰላሙ ልብስ ሰፊ ጋሽ ጀላል ለሱቁ በር የሚሰቀል ባለቀሚስ ሴት ሣልልኝ ሲለው፣ ቀይና ቢጫ አበባ የሞላበት ቀሚስ ሠራና ገበያ ላይ በስርቆሽ የሚያያትን የአልታዬን ፊት ሰጠው።

ሥዕሉ በተሰቀለ ማግስት እሷው መጣች።

«አንተ፣ ማንን አስፈቅደህ ነው በር ላይ የሰቀልከኝ?»

ክንፈ ብሩሹን አየ።

«ደግሞ አፍንጫዬ ጎባጣ ነው። ለምን አቃናኸው?»

«ማስታወቂያ ነው» አለ በቀስታ።

ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ወደ ገበያ ስትወርድ በሱቁ በኩል ታልፍ ጀመር። እሱ አያወራም፤ እሷም ዝምታውን ለመደችው። ለመስቀል ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ።

ረሃቡ ቀደማቸው። ከገጠር የተሰደደ ሰው በዚያ ባለቀለም ቀሚስ ሥር እየተቀመጠ ሞተ። አብዮቱም መጣ። የአልታዬ ወንድም አራጌ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ የቀበሌው ሊቀመንበር የእርዳታ እህል እየሸጠ መሆኑን ተናገረ። የሊቀመንበሩ ሰዎች በጥይት ገደሉት፤ ደረቱ ላይ «ፀረ አብዮት» የሚል ወረቀት ለጥፈው ገበያ ዳር ጣሉት። አልታዬ ወረቀቱን ቀደደችና የወንድሟ ደም ባለበት እጇ ሊቀመንበሩን በጥፊ መታችው። በግርግሩ መሐል ሾልካ ጠፋች።

ሊይዟት የተላኩት ወታደሮች መልኳን አያውቁም ነበር። አንድ ጠቋሚ የሱቁን ሥዕል አሳያቸው፤ ከአፍንጫዋ በቀር ሁሉ ነገሯ እዚያ ነበር። ሥዕሉን ለወረኢሉ ኬላ ጠባቂዎች ሊያሳዩ ሲያወርዱት ክንፈ የጋሽ ጀላልን መቀስ አነሣና ፊቷን እስከ እንጨቱ ድረስ ፋቀው።

አሥር አለቃው የክንፈን ቀኝ እጅ የሱቁ ደፍ ላይ አስደግፎ በጠመንጃው ሰደፍ ደጋግሞ መታው። ሊገላግል የገባው ጋሽ ጀላል ሁለት ጥርሱን ተፋ።

«አሁን ሌላ ሣል» አለ አሥር አለቃው።

«በምን?» አለ ክንፈ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ዓይን ውስጥ እያየ።

አልታዬ የተመለሰችው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ፀጉሯ ገብስማ ሆኗል። ጋሽ ጀላል ያንን በሥዕሉ ላይ የነበረ ባለአበባ ቀሚስ ሰፋላት።

«ወላሂ፣ ይኸ ጅል ሚስት ሳያገባ አንቺኑ ሲጠብቅ አረጀ» አላት።

ቀሚሱን ለብሳ ክንፈ ፊት ተቀመጠችና ሣለኝ አለችው። የቀኝ እጁ ጣቶች ብሩሽ አይጨብጡም። በግራው ጀመረ። አፍንጫዋ ላይ ሲደርስ ያልለመደ እጁ ሳተና መስመሩ ጎበጠ። አፍሮ ሊያጠፋው ጨርቅ አነሣ።

እጁን ያዘችው።

«ተወው» አለች። «አሁን ገና እኔን መሰለ።»