የታዊሳክን በርሜል የሞላው ማን ነው?

ለባን ኖንግ ሳይ መንደር ነዋሪዎች በሙሉ በክብር ይገለጽ ዘንድ፣ ከቤተ መቅደሱ ግቢ የተወሰደችው ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር እስካሁን አልተመለሰችም። የመንደሩ ሹም ይህን በአራት ድምፅ ማጉያዎች፣ ሁለት ጊዜ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ አወጀ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠና፣ «በተጨማሪም ታዊሳክ ሞቷል። ለሐዘን የምትመጡ ወንበራችሁን ይዛችሁ ኑ» አለ።

ኢንስፔክተር ቡሳባ አዋጁን የሰማችው ሬሳው አጠገብ ቆማ ነው። ከቤቱ ጀርባ ባለችው ቆርቆሮ ክፍል፣ በሐምራዊ መብራት ሥር፣ አሥራ ሁለት የካናቢስ ተክሎች በየባልዲያቸው ቆመዋል። ታዊሳክ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ማጅራቱ የብረት መደርደሪያው ማዕዘን ላይ ተሰብሯል። ደረቱ ላይ የሁለት መዳፍ ሰንበር አለ።

«ጉዳዩ አልቋል፣ አለቃ» አለ ሳጅን ቻርን። «በመብራቱ ሙቀት ምክንያት ሐኪሙ የሞተበትን ሰዓት መናገር አልቻለም። እኔ ግን ቻልኩ።»

«እስቲ አስተምረኝ።»

ሳጅኑ መደርደሪያው አናት ላይ ወደተሰቀለው በርሜል ጠቆመ። ከሥሩ አሥራ ሁለት የጉሉኮስ ቱቦዎች ወርደው ለየተክሉ ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። «ውሃው ጎኑ ላይ ከተሰመሩት ምልክቶች በሰዓት አንድ መስመር ይወርዳል። ስድስት ሰዓት ላይ ስደርስ አንድ መስመር ብቻ ጎድሎ ነበር። ማስረጃው ተንጠባጥቦ እንዳያልቅ መዝጊያውን ዘጋሁት። ስለዚህ ሟቹ አምስት ሰዓት ላይ ሞልቶታል፤ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ያን ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበረው ወንድሙ ኮምሳን ብቻ ነው። ትናንት በአውራ ዶሮ ተጣልተዋል። ካቴና አስገብቼለታለሁ፤ ስምንት ሰዓት ላይ መኪናው ወደ ክፍለ ሀገሩ እስር ቤት ይወስደዋል።»

«ሲሞላ ማን አየው?»

ሳጅኑ ወደ በርሜሉ አንጋጠጠ።

ቡሳባ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አየች። በየቱቦው ራስ ላይ ጠብታው የሚታይባት ትንሽ ብልቃጥ አለች፤ አሥራ ሁለቱም እኩል ግማሽ ድረስ ውሃ ይዘዋል። አንደኛው ቱቦ በአዲስ ነጭ ፕላስተር ተጠግኗል፤ የፕላስተሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፏል። በሩ አጠገብ የቁርስ ሙዳይ ተቀምጧል። ከፈተችው። ሩዙ አልተነካም።

ሚስቱን ማሊዋንን በረንዳው ላይ አገኘቻት። ለገበያ የለበሰችውን ሽርጥ እንኳ አልፈታችም።

«እህቴ፣ ቁርስ ስንት ሰዓት ነው የሚበላው?»

«አንድ ሰዓት። ከዚያ አንዲት ደቂቃ ካለፈ ቤቱን ይገለብጠዋል። እኔ በአሥራ አንድ ሰዓት አስቀምጬለት ገበያ ሄድኩ።»

«በርሜሉንስ?»

«ማታ አንድ መስመር አስቀርቶ ይዘጋዋል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፍትና ይሞላዋል። ባዶ ከሆነ ቱቦዎቹ አየር ይገባቸዋል ብሎ ይፈራ ነበር። አንዴ ገብቶባቸው ሲሳደብ ውሎ ነው የተስተካከሉት።»

«እነዚያን ትንንሽ ብልቃጦችስ ምን ያህል ይሞላቸዋል?»

«እሱ? አፋቸው ድረስ ነዋ! ጠብታው አይታይም ስለው፣ ‹ተክሉ ያየዋል› ይለኛል።» ሳቋና ለቅሶዋ ተደባለቁ።

ጎረቤቱ አጎት ዊሮት ሻይ ይዞላት መጣ። የወረዳው ሆስፒታል ነርስ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ የታመመች ሚስቱን ያስታምማል። የጓሮ በሩ ከቆርቆሮዋ ክፍል ጋር ፊት ለፊት ነው።

«ቱቦዎቹን እርስዎ ነዎት የሰጡት፣ አጎቴ?»

«ጊዜያቸው ያለፈባቸው ናቸው። ሰጠሁት እንጂ ክፍሉ ውስጥ እግሬም አልገባም። የአትክልት ነገር አልወድም።»

በካቴና ታስሮ መኪናው ላይ የተቀመጠው ኮምሳን የበረዶ ነጋዴ ነው። «ከአሥራ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ገበያ ውስጥ በረዶ ሳድል ነበር፤ ሠላሳ ሰው አይቶኛል» አለ። «አምስት ሰዓት ላይ እዚህ መጥቼ ግቢው ውስጥ የተንጠለጠለው የመረብ አልጋ ላይ ተኛሁ። ኢንስፔክተር፣ ወንድሜን ሰደብኩት እንጂ አልገደልኩትም። እሱም ዶሮዬን ሰድቦታል።»

ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ለሦስቱም ስማቸው የተጻፈበት ወረቀትና አንድ ጥቅል ፕላስተር ሰጠች።

«ከየመቀመጫችሁ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፉ።»

«ፈተና ነው እንዴ?» አለ ኮምሳን። በታሰረ እጁ እየታገለ፣ በጥርሱ ቀዶ አጣሞ ለጠፈው። ማሊዋን ቆርጣ ለጠፈች። አጎት ዊሮትም ለጠፈ፤ ከዚያ አውራ ጣቱ ሳያስበው የፕላስተሩን ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፈው።

ቡሳባ ተነሳች። «ታዊሳክ የሞተው በአምስት ሰዓት አይደለም። የአንድ ሰዓት ቁርሱን አልበላም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መዝጊያውን ከፈተ፤ ሳይሞላ ሞተ። የቀረችው አንድ መስመር አለቀች፣ ቱቦዎቹም አየር ገባቸው። ኮምሳን ያን ጊዜ ገበያ ነበር።»

«በርሜሉ ግን ሞልቶ ነበር!» አለ ሳጅኑ።

«አምስት ሰዓት ላይ ሌላ ሰው ሞላው፤ ኮምሳን ተኝቶ ሳለ በጓሮ በር ገብቶ። አየር የገባውን ቱቦ ሁሉ፣ ብልቃጦቹን እንደገና እየሞላ አስተካከለ። ሟቹ ብልቃጦቹን አፋቸው ድረስ ነበር የሚሞላው። ይኼኛው ግን አሥራ ሁለቱንም ግማሽ ድረስ ሞላ፤ ጠብታ የሚቆጥር ሰው እንደሚያደርገው። ፕላስተሩንም ሲላጥ በሽተኛውን እንዳያሳምም ጫፉን አጠፈ። ተክል ግን አያመውም፣ አጎቴ።»

ዊሮት ወረቀቱን ቀና ብሎ አየ።

ማሊዋን ወደ ዊሮት ዞረች። «ባሌ ተክሎቹን ሁሉ ባንኮክ ላለ ሱቅ ሊሸጣቸው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ለሚስትህ የሕመም ማስታገሻ ዘይት የሚወጣባቸውን ጭምር። እኔ ነኝ ትናንት የነገርኩህ።»

«ገፋሁት» አለ ዊሮት። «አንዴ ብቻ።»

ሳጅኑ የኮምሳንን ካቴና ፈታ። ኮምሳን የእጁን አንጓ እያሻሸ ሽማግሌውን አፈጠጠበት። «እኔን ሲጭኑኝ እዚህ ቁጭ ብለህ ሻይ ታቀርባለህ! ገድለኸው ሄድክ፤ ማንም አላየህም። ምን መለሰህ? ውሃ ለማጠጣት?»

ዊሮት እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ።

«አጎቴ፣» አለች ማሊዋን እንባዋን ሳትጠርግ፣ «ተመልሰህ ያጠጣኸው ለሚስትህ ብለህ ከሆነ ንገረኝ። አንዲት ቃል ብቻ። ዘይቱን እንዳልከለክላት።»

«አልናገርም» አለ ዊሮት። «ለምን እንደተመለስኩ ለማንም አላስረዳም።»