የስንዱ ሙዝ

ስንዱ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃን ይበርዳል።

አንድ ቀን አጎቷ ከሸዋ ሮቢት መጣ። ሸዋ ሮቢት ይሞቃል። ለስንዱ ትንሽ የሙዝ ችግኝ ይዞላት ነበር።

ስንዱ ከአባቷ ጋር ጓሮ ውስጥ ተከለችው። ሙዙ አደገ። ቅጠሉ በነፋስ «ሿ! ሿ!» አለ።

ጎረቤታቸው እትዬ ሸዋረገድ በአጥሩ በኩል አይተው ሳቁ። «ሙዝ በደብረ ብርሃን? በይ ጋቢ አልብሺው!»

ኅዳር ገባ። አንድ ጠዋት ስንዱ ስትነሣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። የሙዙ ቅጠል ግን ጠቁሯል።

«ሙዝዬ፣ አለህ?»

ሙዙ ጭጭ!

አባቷ ብዙ አይናገርም። ማጭዱን አመጣና የጠቆረውን ግንድ ቆረጠ። ቀጭ!

«አባባ! ሞተ እኮ!»

«ከላይ ነው የሞተው። ሥሩን ብርድ ካላገኘው ይነሣል» አለ አባቷ። «የበልግ ዝናብ ሲመጣ ካልበቀለ፣ ቦታው ላይ ነጭ ሽንኩርት እተክላለሁ።»

ስንዱ ሥሩን በጭድ ሸፈነችው። እስከ ጉልበቷ ከመረችው።

በማግስቱ «ቀርጨም! ቀርጨም!» የሚል ድምፅ ሰማች። የእትዬ ሸዋረገድ አህያ ጭዱን እየበላ ነው!

«ሂድ! ምሳህ አይደለም!»

አህያው ጆሮውን ነቀነቀ። ቀርጨም!

ስንዱ ቁጭ ብላ አሰበች። ሥሩን የሚያሞቅ፣ አህያ የማይበላው ምን አለ?

ከአጥሩ ሥር የረገፈ የባሕር ዛፍ ቅጠል አየች። አንሥታ ለአህያው ሰጠችው። አህያው አሸተተው። «ፍርርር!» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ስንዱ ሳቀች። ቅጠሉን አንድ ቅርጫት፣ ሁለት ቅርጫት፣ ሦስት ቅርጫት አምጥታ ሥሩን ሸፈነችበት።

ታኅሣሥ መጣ። ውርጭ! «ሙዝዬ፣ አለህ?» ጭጭ!

ጥር መጣ። ውርጭ! «ሙዝዬ፣ አለህ?» ጭጭ!

«አባባ፣ ብርድ የመታው በእውነት ይነሣል?»

አባቷ አጠገቧ ቁጭ አለ። ከዚያ፣ «ልጅ ሳለሁ እኔንም ብርድ መትቶኛል» አለ። «ብቻዬን ነበርኩ። ይኸው፣ አለሁ።»

ተነሣ። ቅርጫቱን አንሥቶ ሥሩ ላይ ቅጠል ጨመረበት።

በመጋቢት ዝናብ ጣለ። ጠብ! ጠብ! አባቷ ዶማውንና ነጭ ሽንኩርቱን ይዞ ወጣ።

ስንዱ ሮጣ ቀደመችው። ቅጠሉን በእጇ ገለጥ፣ ገለጥ አደረገች።

አረንጓዴ ጫፍ! እንደ ጣቷ የቀጠነ፣ እንደ ወረቀት የተጠቀለለ። አጠገቡም ሌላ!

«አባባ! ና እይ! ሁለት ሆነዋል!»

አባቷ ተንበረከከ። አየ፣ አየ፣ አሁንም አየ። ከዚያ ዶማውን ይዞ ወደ ጓሮው ጥግ ሄደ። «ነጭ ሽንኩርቱ እዚህም ይበቅላል» አለ።

ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። ስንዱ አልጋዋ ላይ ሆና አዳመጠች።

«አባባ፣ ሙዞቹ አሁን ምን እያደረጉ ነው?»

«ውኃ እየጠጡ ነው። ተኚ፣ ልጄ።»

ስንዱም ተኛች።