ጎማው ነው አልኩት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ያየሁትን በየሰዓቱ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ይህን ስጽፍላችሁም ደብተሩ ፊቴ ተዘርግቷል።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። አናት የሚበሳ ፀሐይ...

ሰው ጨለማ ይፈራል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የምፈራው ጠራራ ፀሐይን ነው።

እንድጽፈው የፈቀደችልኝ የወንድሜ ሚስት ናት።

ሥራዬ ያገለገሉ ማሽኖችን መመርመር ነው። ሰው ባክሆ ሊገዛ ሲያስብ እኔን ይጠራል። ባክሆ ማለት ከፊቷ ትልቅ አካፋ፣ ከኋላዋ የመቆፈሪያ ክንድ ያላት ማሽን ናት። አያታለሁ፣ አዳምጣታለሁ፣ ጭሷን አሸታለሁ... ከዚያ አንዲት ቃል እናገራለሁ። ውሰድ፣ ወይም ተው።

የዚያን ቀን የጠራኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ማሽን ሲነዳ ኖሮ አሁን የራሱን ሊይዝ ነው። ሰኞ የሚጀምር የቁፋሮ ሥራ አግኝቷል። ማሽን ካላገኘ ግን የሰው ማሽን ሲነዳ ወደኖረበት ሩቅ የሥራ ካምፕ መመለሱ ነው። ሚስቱ ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል።

«ጋሼ፣ አንተ ውሰድ ካልከኝ ዛሬውኑ እነዳታለሁ። ተው ካልከኝ ዘወር ብዬም አላያት» አለኝ።

ነገሩ ሁሉ በእኔ ቃል ላይ ነበር።

ግቢው ሰፊ ነው። ጠጠር የለበሰ። ዳር ላይ በሲሚንቶ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ቤት አለ። ሻጯ፣ ጥቁር የለበሱ ሴትዮ፣ በረንዳው ላይ ቆመዋል።

«እንደምን ዋሉ እትዬ?»

«ደህና። ያቻትና ማሽኗ።»

ቁልፉን ከላይ ወረወሩልን። አልወረዱም።

ውሻቸው በርሜል ላይ ተኝቷል። ዶሮዎቹ አጥሩ ላይ ተደርድረዋል... በቀን። ባልዲው፣ ወንበሩ፣ ጫማው፣ ሁሉም ነገር ከፍታ ላይ ነው። መሬት ላይ አንድም ዕቃ የለም።

«እትዬ፣ እዚህ ግቢ ጎርፍ ይገባል እንዴ?» አለ ወንድሜ እየሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም።

ማሽኗም እንደዚያው ተሰቅላለች። የፊት አካፋዋ መሬት ተጭኖ፣ የኋላ ደጋፊ እግሮቿ ወርደው፣ አራቱም ጎማዎቿ አየር ላይ ናቸው።

«ለምን ሰቀሏት?»

«ጎማው እንዳይበላሽ።»

ጥሩ መልስ ነው። ማሽን ብዙ ከቆመች ጎማዋ መሬት በነካበት በኩል ጠፍጣፋ ይሆናል። የሚያውቅ ሰው ሰቅሎ ያቆማታል። ጻፍኩት።

መዳፌን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው። ሻጭ ቀደም ብሎ ሞተር ካሞቀ ጭስ ሊደብቅ ፈልጓል ማለት ነው። እሳቸው አልደበቁም።

አስነሳኋት።

ነጭ ጭስ ወጣ። አርባ ሰከንድ... ጠፋ። ሞተር ሲቀዘቅዝ ያለ ነው። ሰማያዊ ጭስ ቢወጣ ዘይት ትበላለች ማለት ነበር። አልወጣም። ነዳጅ ስረግጥ አንዴ ጥቁር ተፋችና ወዲያው ጠራች። ጤነኛ ናት።

አሥር ደቂቃ ሙሉ ጭስ ማውጫው ስር ቆሜ ሳይ ወንድሜ አላስቻለውም።

«ሚስትህን ስታጭ እንዲህ መርምረህ ቢሆን ኖሮ እስከዛሬ ላጤ ነበርክ!»

«እሷ እኔን መረመረችኝ እንጂ! ለዚህ እኮ ነው ሦስት ዓመት የፈጀባት።»

ሳቅን።

ሳቃችን ሳያልቅ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ።

እኔም ወንድሜም መሬት ላይ ነን። ማርሽ አልገባም። ማንም አልነካትም። ሞተሩ አቃሰተ... ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ቡፍ ብሎ ወጣ።

የናፍጣ ሞተር ጥቁር የሚተፋው ጭነት ሲመጣበት ነው። ዳገት ስትወጣ። ድንጋይ ስታነሳ። ይቺ ግን ቆማለች።

ምን ተጫናት?

«ጋሼ...» አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ። «ጎማውን እየው።»

አየር ላይ የተንጠለጠለው የግራ የፊት ጎማ በቀስታ ሩብ ዙር ዞረ።

የሆነ ነገር ስሩ ሲያልፍ እንደታከከው ሁሉ...

ቆመ።

«ነፋስ ነው» አልኩ። ቅጠል አይነቃነቅም ነበር። ያን ጎማ ለማንቀሳቀስ ሁለት ጎረምሳ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ አነዳዷን መሞከር ነበረብኝ። አካፋዋንና ደጋፊ እግሮቿን አንስቼ ጎማዋን መሬት አስነካሁ። ወንድሜን መግቢያው በር ጋ አቆምኩትና ከግቢው ጫፍ ወደ እሱ ነዳሁ። በእግር ፍጥነት።

ባክሆ ንዝረት የሚያበርድ ባሌስትራ የላትም። ጠጠር ላይ ስትሄድ ጥርስህን ታንቀጫቅጫለች። ይቺ አላንቀጫቀጨችኝም። ጠጠሩ ጭራሽ አልተሰማኝም። ምንጣፍ ላይ እንደመሄድ ነው።

ከዚያ ጥቁር ጭስ... ቡፍ።

የግራው የፊት ጎማ ወደ ላይ ተነሳ። ወረደ። ቀጥሎ የኋላው ተነሳ። ወረደ።

የተኛ ነገር ላይ ወጥቼ እንደወረድኩ።

በመስኮት አንገቴን አውጥቼ አየሁ። ጠጠር ብቻ። ሜዳ።

የአጥሩን ምሰሶዎች ቆጠርኩ። ከዚያ ቦታ እስከ ወንድሜ አሥራ አንድ ምሰሶ።

ተመልሼ እንደገና ነዳሁ። ጭሱ ቡፍ አለ። የፊቱ ተነሳ፣ የኋላው ተነሳ።

ስምንት ምሰሶ።

ለሦስተኛ ጊዜ ነዳሁ።

አምስት።

ወንድሜ በሩ ጋ እጁን ኪሱ ከትቶ ያፏጫል።

ጉድጓድ ወይም ጉብታ ቢሆን ቦታውን አይቀይርም። የጎማ ችግር ቢሆን ጎማው በዞረ ቁጥር ያዘልል ነበር እንጂ በአንድ ምልልስ አንዴ ብቻ አያዘልልም። ይህን ማወቅ የእኔን ሃያ ዓመት ልምድ አይጠይቅም።

«እህስ ጋሼ?» አለኝ ሮጦ መጥቶ። «ምንድን ነው የሚያነሳት?»

ዓይኑን አየሁት። በሕፃንነቱ ኳስ ስገዛለት የሚያየኝ አስተያየት...

«ጎማው ነው» አልኩት። «ብዙ ስለቆመች ጠፍጥፏል። መንገድ ላይ ሲሞቅ ይለቃል።»

«ልውሰዳት?»

«ውሰድ።»

ጎማዎቹ አየር ላይ እንደነበሩ ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ። መሬት ያልነካ ጎማ አይጠፈጥፍም። እያወቅሁ ነው ያልኩት። የዓይኑን ደስታ ማጥፋት አልቻልኩም።

እሱ ሂሳቡን ከፍሎ ማሽኗ ላይ ሲወጣ እኔ ወደ በረንዳው ሄድኩ።

«እትዬ፣ ማን ነበር የሚነዳት?»

«ባሌ።»

«አሁን የት ናቸው?»

ሴትዮዋ ጎንበስ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እዚያ መሀል አቁሟት ወረደ።»

«ከዚያስ?»

«ሲወርድ አይቼዋለሁ...» አሉ። «ሲራመድ አላየሁትም።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ወንድሜ ጥሩምባ ነፋ። ልጁ ቸኩሏል። ፒካፔ ውስጥ ገብቼ ተከተልኩት።

ከግቢው ስወጣ በመስታወቴ ወደ ኋላ አየሁ። ውሻው ከበርሜሉ ዘለለ። ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ።

እትዬም የበረንዳውን ጫፍ ይዘው አንድ እግራቸውን ጠጠሩ ላይ አሳረፉ። ቆዩ። ከዚያ ሁለተኛውን።

ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ማልቀስ ጀመሩ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር። አስፋልት ላይ ነን። መንገዱ ጭር ብሏል። ወንድሜ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ስልኬ ጠራ። እሱ ነው።

«ጋሼ! ወርቅ ነህ እኮ! ጎማው ለቀቀ!»

«አያዘልልም?»

«ማዘለል? አልጋ ላይ የተኛሁ ነው የሚመስለኝ! መንገዱ አይሰማኝም። ልጄ ሲወለድ በዚህች ነው እያዞርኩ የማስተኛው!»

እየሳቀ ዘጋው።

እኔ አልሳቅሁም። ባክሆ በመንገድ ላይ እንደ በቅሎ ትዘላለች። ሁሌም። አዲሷም ትዘላለች።

ትንሽ ሄደን ቧንቧ ፈንድቶ መንገዱን ያረጠበበት ቦታ ደረስን። ማሽኗ ውኃው ላይ አለፈች። እኔም አለፍኩ።

በመስታወት አየሁ። የእኔ ጎማዎች ደረቁ አስፋልት ላይ ሁለት እርጥብ መስመር ትተዋል።

ወደ ፊት አየሁ። ከወንድሜ ኋላ ያለው አስፋልት... ደረቅ ነው። አንድም መስመር የለም።

ጎማዎቹ እየዞሩ ነው። ግን ውኃውን አልነኩም።

ደወልኩ።

«ቁም» አልኩት በሹክሹክታ። ለምን በሹክሹክታ እንደሆነ አላውቅም። «ቁም... ግን አትውረድ።»

«ምን አልክ? ይቆራረጣል።»

«አትውረድ!»

«አይሰማም ጋሼ። ቆይ ልቁምና ወርጄ ልምጣ።»

ዳር ይዞ ቆመ። እኔም ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላው ቆምኩ።

ጥቁር ጭስ ቡፍ አለ።

ከዚያ ማሽኗ ዝቅ አለች። አራቱም ጎማ በአንዴ። በቀስታ... ክሪክ ሲለቀቅ እንደምትወርድ መኪና። አንድ ስንዝር ያህል ወርዳ አስፋልቱ ላይ አረፈች።

ጭሱ ጠራ። ጭነቱ የለቀቃት ያህል።

የግራው በር ተከፈተ።

ጥሩምባዬን ነፋሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሳላቋርጥ። በሬን ልከፍት ብዬ እጄ መክፈቻው ላይ ደርቆ ቀረ።

ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶ በመሰላሉ ወረደ። ግራ እግሩን አወረደ። ቀኙን አስከተለ። ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ሆነሃል ጋሼ? አገር ምድሩን አደነቆርክ እኮ!» አለ እየሳቀ።

ጫማው አስፋልቱን አልነካም።

በጫማውና በአስፋልቱ መካከል አንድ ስንዝር ብርሃን ነበር። ጥላው ከእግሩ ተለይቶ ብቻውን መሬት ላይ ወድቋል።

እሱ አላወቀም። በእጁ ጀርባ ላቡን ጠረገ። ሁለት እግሮቹ ጎን ለጎን ገጥመዋል። ጉልበቱ አልታጠፈም። አንድ እርምጃ እንኳ አልተራመደም።

ግን እየቀረበኝ ነበር።