የሦስት ሳምንት ጠረጴዛ

«ይህን አልሸጥልሽም» አላት።

ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ለሳሎኗ የሚሆኑ የጎን ጠረጴዛዎች ፍለጋ ከጠዋት ጀምራ ስትዞር ነው የዋለችው። እግሯ ዝሏል። አሁን በዚህ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ዓይኗ ያረፈበትን አንድ ጥቁር ጠረጴዛ ይዛ ቆማለች።

«ለምን? ተሽጧል?»

«አልተሸጠም።»

«ታዲያ?»

«የሶፋሽ ክንድ ቁመቱ ስንት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እንግዲያው ለክተሽ ነይ። ጠረጴዛው ከሶፋው ክንድ ከበለጠ ክርንሽን ሲመታሽ ይኖራል። ያን ጊዜ የምትረግሚው እኔን ነው።»

«ወንድሜ፣ ዕቃ ልገዛ ነው የመጣሁት ወይስ ልፈተን?»

ሰውዬው መላጊያውን አንስቶ ወደ ሥራው ዞረ። የሱቁ አናጢ ነው። ሙጫ ከጣቶቹ ላይ ደርቆ ስለማይለቅ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ሙጫው» ነው የሚለው።

በሩን ወርውራበት ወጣች። መንገዱን ሙሉ ብቻዋን ስታጉረመርም ሄደች። ከሁሉ ያናደዳት ግን ሰውዬው ልክ መሆኑ ነበር። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ገላ ሳትለካ መቀስ አንስታ አታውቅም። የራሷን ሶፋ ግን አልለካችም።

በማግስቱ ተመልሳ ብጣሽ ወረቀት ፊት ለፊቱ አስቀመጠች።

«ሃምሳ ስምንት ሴንቲ! ደስ አለህ?»

«አለኝ» አለ፤ ሳቁንም ሊደብቅ አልቻለም።

ከሱቁ ጓዳ አንድ ክብ ጠረጴዛ አወጣላት። አንዲት ትንሽ መሳቢያ አለችው። ጠርዙ የብዙ ሰው እጅ ያለሰለሰው ነው። ቁመቱ ሃምሳ ሰባት። ልብስ ሰፊዋ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች። ስትናፍቀው የኖረችው እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ነበር።

«ክብ ነው አይደል?» አላት።

«ክብ ነው እንጂ!»

«እስቲ ለኪው።»

ሜትሯን ከቦርሳዋ አወጣች። በአንድ በኩል አርባ አምስት ሴንቲ መጣ። በሌላው በኩል ስድስት ሚሊ ጎደለ።

«ዕንጨት ዓመት ሲቆጥር በወርዱ ይሰበሰባል፣ በርዝመቱ ግን አያጥርም» አላት። «ስለዚህ ያረጀ ክብ ጠረጴዛ ልክ ክብ አይሆንም። ይህን ያዢ፤ ማንም እንዳያታልልሽ።»

ሶፋ ግን ሁለት ጫፍ አለው። «አቻውን ፈልግልኝ» አለችው። «እፈልጋለሁ» አላት። በዚህ ሰበብ በየቅዳሜው መምጣት ጀመረች። ወር ሲያልፍ ሰበቡም ቀረ። እሱ ይልጋል፣ እሷ ታወራለች። 

አንድ ቀን የሆዷን አጫወተችው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው አራት ዓመት ሙሉ «አገባሻለሁ» ሲላት ኖሮ፣ ሌላ ከተማ ሚስትና ልጆች ተገኙበት።

«ማጣትን እችላለሁ፤ ቁጣም እችላለሁ። ውሸት ግን ሁለተኛ በደጄ አያልፍም» አለችው።

ሙጫው አቀርቅሮ መላጊያውን ጠረገ።

በአምስተኛው ወር ጠረጴዛ ተሸክሞ ደጇ ቆመ።

«ተገኘ!»

«ከየት?»

«ከአንድ የቆየ ቤት... ልጆቻቸው ዕቃውን ሲሸጡ ደረስኩ።»

ከሶፋው ማዶ አስቀመጡት። መሳቢያው፣ ቀለሙ፣ ጭረቱ ሳይቀር ያው ነው። ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች። የዚያኑ ዕለት ቀለበት አውጥቶ «ታገቢኛለሽ?» አላት። «አዎ» አለችው፤ ሳታስበው ከአፏ አመለጠ።

ታላቅ እህቷ ወሬውን ሰምታ ሳሎኑን ልታይ መጣች።

«ሰው ለትዳሩ አዲስ ዕቃ ይገዛል፤ አንቺ የሞተ ሰው ጠረጴዛ ትለቅሚያለሽ። ሙሽራውም ቢሆን እንደ ዕቃው ቆየት ያለ ነው።»

«እትዬ!»

«ምን አልኩ? ያምራሉ እኮ። ግን ልብስ ሰፊ ቤት ራቁታቸውን ምን አስቆማቸው? አልብሻቸው እንጂ!»

ልብስ ሰፊዋ የጠረጴዛ ልብስ ልትቆርጥላቸው እየሳቀች ሜትሯን አነሳች። የመጀመሪያውን ለካች፤ አርባ አምስት፣ ስድስት ሚሊ ጉድለት። ሁለተኛውን ለካች፤ አርባ አምስት። አዞረችው፤ አርባ አምስት። እንደገና ለካች፤ በየትም በኩል አርባ አምስት! ሳቁ ፊቷ ላይ ደረቀ። መሳቢያውን ስባ አሸተተች። ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት ያላስተዋለችው የቫርኒሽ ሽታ አፍንጫዋን መታት።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ምንም። ቡናውን ራስሽ አፍዪው፣ እመለሳለሁ።»

ጠረጴዛውን በትከሻዋ ተሸክማ በጠራራ ፀሐይ ወጣች። መንገደኛው ሁሉ እየዞረ አያት። ግድም አልሰጣት።

ሱቁ ውስጥ የሱቁ ባለቤት የሆኑት የሙጫው አጎት አንዲት ባለ መነጽር ደንበኛ ያስተናግዳሉ። ልብስ ሰፊዋ ማንንም ሰላም አላለችም። ጠረጴዛውን ሙጫው እግር ሥር አስቀመጠችው።

«ለካው!»

ሙጫው ሜትር አላነሳም።

«አቻው አልተገኘም» አለ ቀስ ብሎ። «ያላንኳኳሁት በር የለም። ካልተገኘ መምጣት የምትተዪ መሰለኝ... ከአሮጌ ቁምሳጥን ዕንጨት ሠራሁት።»

«የመጣሁት ለጠረጴዛ ነው ብለህ ነው አምስት ወር? ‹ማንም እንዳያታልልሽ› ያልከኝ አንተ! በራስህ አፍ! የቀድሞው እንኳ ሲዋሸኝ ውሸቱን የምይዝበትን አላስተማረኝም!»

«ጥፋተኛ ነኝ።»

መዶሻ አነሳና ጠረጴዛውን ሊሰብር ሰነዘረ። እጁን ያዘችው።

«ደግሞ እሱ ምን አደረገህ? የዋሸኸው አንተ! እሱ ዝም ብሎ ነው የቆመው!»

ባለ መነጽሯ ደንበኛ ጠጋ ብላ ጠረጴዛውን ዳበሰችው።

«ውይ እንዴት ያምራል! ዕድሜው ምን ያህል ነው?»

«ሰባ ዓመት ያለፈው ነው እመቤቴ!» አሉ አጎቱ ፈጠን ብለው፤ ሙጫውንም በዓይናቸው ጠቀሱት።

ሙጫው ልብስ ሰፊዋን አያት። እሷ ዞር አለች፤ አልረዳችውም።

«ሦስት ሳምንቱ ነው» አለ ጮክ ብሎ። «የሠራሁት እኔ ነኝ። ያረጀ እንዲመስል በሰንሰለት ደበደብኩት፤ መሳቢያውንም በአሸዋ አሸሁት።»

ሴትዮዋ እጇን ሰበሰበች። «የቀረውስ ዕቃ?»

«ያ ወንበር ጀርባው ብቻ ነው የድሮ። መስታወቱ አዲስ ነው። ያ ሳጥን ግን እውነተኛ ነው፣ ቢገዙት አይቆጩም።»

ሴትዮዋ ሳጥኑንም አልገዛችም፤ ወጣች። አጎቱ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ።

«ያሳደግኩህ ለዚህ ነው? ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደጅ እንዳላይህ!»

«እሺ ጋሼ» አለና ሽርጡን ፈትቶ ወንበር ላይ ሰቀለው።

«እርስዎ ደግሞ ትንሽ አያፍሩም!» አለቻቸው ልብስ ሰፊዋ። «እውነት ስለተናገረ ነው የሚያባርሩት? ‹ስንዋሽ ነበር› ይበሉ እንጂ!»

ሁለቱም ወጡ። ሙጫው ጠረጴዛውን ይዞ በረንዳው ላይ ቆመ። የት እንደሚሄድ አያውቅም።

«ይቅር አልሽኝ?» አላት።

«አላልኩም!»

«እንግዲህ... ቀለበቱንም...»

«ቀለበቱን ማን አነሳ? አገባሃለሁ። ግን ተናድጄ ነው የማገባህ!»

«እስከ መቼ ነው የምትናደጂው?»

«እሱን የምወስነው እኔ ነኝ። የስፌት ክፍሌ በረንዳ ባዶ ነው፤ እዚያ ትሠራለህ። የምትሠራው ዕቃ ሁሉ ሥሩ ላይ የተሠራበት ቀን ይጻፍ። ከዚህ ጠረጴዛ ጀምር!»

«ዛሬውኑ እጽፋለሁ» አለ። ድምፁ ተሰበረ።

«አታልቅስብኝ፤ ቁጣዬን ታበላሸዋለህ። ተሸከም!»

ተሸከመ። እሷ ቀድማ ሄደች። ርምጃዋ የተቆጣ ሰው ርምጃ ነው፤ አንዴም ዞራ አላየችውም። መኪና የሚበዛበት መሻገሪያ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ጠረጴዛው ዓይኑን ጋርዶታልና፣ እስኪደርስ ጠብቃ ክንዱን ያዘች፤ አሻገረችውም።