አልወርድ ያለው ተሳፋሪ

ሬሳው ቁጭ ብሏል። በሚኒባሱ የመጨረሻ ረድፍ፣ መተላለፊያው ዳር፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ቁጭ ብሏል። ከራሱ በላይ ካለው መንጠቆ ላይ የሰው ትውከት የቋጠረ ፌስታል ተንጠልጥሏል። እግሩ ሥር የብርቱካን ልጣጭ፣ የሱፍ ገለባና ማን እንደተፋው የማይታወቅ ማስቲካ አለ።

መርማሪዋ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ሸፍና ገባች። የተጸየፈችው ሬሳውን አይደለም፤ ሬሳ ሥራዋ ነው። የተጸየፈችው መኪናውን ነው። እሷም ወደዚህች መንገድ ዳር ከተማ የመጣችው በዚሁ ዓይነት መኪና፣ በዚሁ ዓይነት ጠረን ታፍና፣ የማታውቀው ሰው ክርን ጎኗን እየጎሰማት ነው። የመሥሪያ ቤቷ መኪና ከቆመ ሰንብቷል፤ አለቆቿም «ይሠራል» ካሉ እንደዚያው ሰንብተዋል። የራሱ መኪና የሌለው ሰው ከከተማ ከተማ ሲሄድ ሰውነቱ ቀርቶ ጭነት ይሆናል። ጭነትስ ቢሆን እንዳይሰበር ይፈራለታል።

የኬላው ፖሊስ ከበሩ ውጭ ሆኖ አስረዳት። «ከታችኛው ከተማ ተነሥተው ወደ ላይኛው እየሄዱ ነው። እዚህ ለሽንት ሲወርዱ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሴት አሳልፈኝ ብላ ነካ ስታደርገው ተደፋባት። እሷን አልለቀቅኳትም፤ የአንገት ልብሷ ላይ ደም አለ።»

«ሌሎቹ ተሳፋሪዎችስ?»

«ቃላቸውን ተቀብዬ በሌላ መኪና ሸኘኋቸው። ኢንስፔክተር፣ ሊበሉኝ ደርሰው ነበር። ሴትየዋን፣ ከሟቹ ፊት ለፊት የነበሩትን ቁልፍ ነጋዴ፣ ሹፌሩንና ረዳቱን ግን አስቀርቻለሁ።»

«ስደውልልህ ስልክህ ለምን አይነሣም?»

«ከታችኛው ከተማ ይዘውኝ ነው። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ መንገድ የምትጠርግ ሴት ገጭቶ ያመለጠ መኪና አለ። ሴትየዋ ሞታለች። ኬላ ሁሉ ይፈትሽ ተብሏል።»

መርማሪዋ የሟቹን ኮፍያ አነሣች። ማጅራቱ በከባድ ነገር ተመትቶ ሰርጉዷል። ደሙ ደርቆ ጠጉሩን አጣብቆታል፤ የኮፍያው ውስጥ ግን ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። ራሱን ቀና ልታደርገው ስትሞክር አንገቱ እንደ እንጨት እምቢ አላት። ሰውየው በሸሚዝ ብቻ ነው። ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሏል፤ የጣቶቹ ጫፍ ነጥቶ ተጨማዷል። ሻንጣም ሆነ ፌስታል የለውም። ከደረት ኪሱ ግን የጣት ርዝመት ያላት፣ ብርሃን ሲነካት የምታብረቀርቅ ብርቱካናማ የጨርቅ ቁራጭ አገኘች።

ወርዳ መኪናውን ዞረችው። ከጣሪያው እስከ ጎማው ጭቃ በጭቃ ነው። የቀኝ የፊት ጥጉ ብቻ ታጥቦ ያብለጨልጫል። ጨርቋን ኪሷ ከታ ወደ ኬላው ክፍል አመራች።

መስኮቱ ጋ የነበረችው ሴት ልብስ ሰፊ ናት፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሩን ታያለች። መርማሪዋን ስታይ ብድግ አለች።

«እመቤቴ፣ ይልቀቁኝ። እህቴ ላይኛው ከተማ ሆስፒታል ተኝታለች። ዛሬ ከሰዓት ኦፕራሲዮን ትደረጋለች፤ ደም የምሰጣት እኔ ነኝ። እኔ ካልደረስኩ አይጀምሩም። ሐኪሙ ከዛሬ አትለፍ ብሏል።»

«ቁጭ በይ። ቶሎ ከመለስሽልኝ ቶሎ ትሄጃለሽ። ይሄ ደም ከየት መጣ?»

«መንገዱን ሙሉ ትከሻዬ ላይ እየወደቀ ነበር። ደክሞት ነው ብዬ ዝም አልኩት።» ሴትየዋ የአንገት ልብሷን ከራሷ ላይ ገፋ አድርጋ ዘቀዘቀችው። «አንዴማ ኮፍያው ሲንሸራተት እኔው አስተካከልኩለት።»

«ስትገቢ ነበር?»

«ነበር። ስደርስ መኪናው ጢም ብሏል። አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን አሉኝ፤ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ቁጭ ከማለቴ አንዱ ተነሥቶ ወረደ። ስልክ ሊያናግር ነው ስል ሌላው ወረደ። ቀጥሎ ደግሞ አንዷ ዘንቢሏን ይዛ ወረደች። ለካ እውነተኛው መንገደኛ እኔና ሁለት ሦስት ሰው ነን። ጠዋቱ እዚያው አለቀ። አለቀስኩ፣ ለመንኩ፣ ረዳቱ ‹አሁን እንወጣለን› ይለኛል።»

«አጠገብሽ ያለውስ?»

«እሱ አልወረደም። ሹፌሩን ግን ፈጣሪ ይስጠው። መጨረሻ ላይ ‹የዚች ልጅ እህት ታማባታለች፣ ይበቃል› ብሎ ሞተሩን አስነሣ። እንደሱ ያለ ሰው አላየሁም። እጁን ይዤ መረቅኩት።»

ቀጥሎ ቁልፍ ነጋዴው ገቡ። ሸምገል ያሉ፣ ቁልፍና ብረት የታጨቀበት ከባድ ቦርሳ የያዙ፣ ፊታቸው የተኮሳተረ ሰው ናቸው። ፖሊሱ ቦርሳውን አንሥቶ ክብደቱን ሲለካው አዩት።

«ሰው የገደልኩ ቢሆን በዚህ መንገድ ላይ ገና ድሮ እገድል ነበር» አሉ። «ጠጉሬ በዚህ መንገድ ነው የሸበተው። ጉልበቴን ከፊተኛው ወንበር ጋር እያጋጨሁ፣ የሰው ልጅ ሽንት ሱሪዬ ላይ እየፈሰሰ። ዛሬስ? የገባሁት መጨረሻ ላይ ነው። ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፤ ያ ረዳት ግን በሩ ላይ ቆሞ ‹አንድ ሰው፣ አንድ ሰው› ይላል። የት ሊያስቀምጠው ነው? ጭኔ ላይ?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሹፌሩ ትቶት ወጣ። ረዳቱ እየሮጠ ነው የተንጠለጠለው። እኛም አጨበጨብን።»

መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አጨበጨባችሁ» አለች፣ ለራሷ ያህል።

ረዳቱ ከሹፌሩ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ድምፁ በመጮህ ብዛት የተሰነጠቀ ሽበታም ነው። ወለል ወለሉን እያየ መለሰላት።

«ተሳፋሪ ነው። ከፍሏል።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ላይኛው ከተማ።»

«በሸሚዝና በነጠላ ጫማ? እዚያ እኮ ውርጭ ነው። ስማኝ፤ የመኪናችሁ ቅጣት አያሳስበኝም። የመጣሁት ለሰው ነፍስ ነው። ታውቀዋለህ?»

ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አውቀዋለሁ። አሟሟቂ ነው። መኪናው የሞላ እንዲመስል እናስቀምጣቸዋለን፤ ተሳፋሪ ሲመጣ አንድ ባንድ ይወርዳሉ። ሁሉም መኪና እንዲህ ነው የሚሠራው። እሱ ጎህ ሲቀድ መኪና ያጥባል፣ ከዚያ ወንበር ያሞቃል። መጨረሻ የሚወርደው ሁልጊዜ እሱ ነው፤ የእኔ ወዳጅ ስለሆነ ጥሩውን ቦታ እሰጠዋለሁ። ዛሬ ስገባ ተኝቷል። መታ መታ ባደርገው አልነቃም፤ አምሽቶ ነው አልኩ። መጨረሻ ላይ ሰው ሲመጣ ጎትቼ አወርደዋለሁ ስል ሹፌሩ ‹ተወው፣ ተኝቶ ይሂድ› አለኝ። እኔ እኮ ሁለቴ ነው በቡጢ የመታሁት። ሞቶ እያለ።»

ሹፌሩ ግን ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ ጨዋ ሰው ነው።

«ሟቹን አላውቀውም፣ ኢንስፔክተር። እኔ ወደ ፊት ነው የማየው፤ የኋላው የረዳቴ ነው።»

«መኪናህን ዛሬ ማን አጠበው?»

«አልታጠበም። ይኸው ጭቃውን ያዩታል።»

«አየሁት» አለች፤ ፖሊሱንም የመፍቻ ሣጥኑን እንዲያመጣ ላከችው።

አራቱም፣ ግድግዳው ላቡን በሚያወጣው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ልብስ ሰፊዋ ቆማለች፤ መቀመጥ አልቻለችም። መርማሪዋ ወደሷ ዞራ ጀመረች።

«አንቺን ልሸኝ። የሟቹ አንገት ደርቋል፤ ሰው እንዲህ የሚደርቀው ከሞተ ሰዓታት ሲያልፉ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ አልሞተም። አንቺ ስትገቢም ሞቶ ነበር። ልብስሽ ላይ ያለው የረገፈ የደም ቅርፊት ነው። እርስዎም፣ ጋሼ፣ የገቡት ከሷ በኋላ ነው፤ ቦርሳዎን ይውሰዱ። ኮፍያውን ያደረጉለት ቁስሉ መድረቅ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ለዚህ ነው ውስጡ ደም የሌለው። አጥቦ ሳይጨርስ የተመታ መኪና አጣቢ ነው፤ የጠቀለለውን ሱሪ እንኳ አላወረደም።»

«ታዲያ እዚያው የነበረው ይሄ ነው» አሉ ነጋዴው ረዳቱን እያመለከቱ። «ከፍሏል ብሎ የዋሸውስ?»

«የዋሸው ቅጣት ፈርቶ ነው። ግን አስቡት። ገዳይ ሬሳው እንዳይነካበት ነው የሚፈልገው፤ ይሄ ሰው በሁላችሁ ፊት ‹ተነሥ› እያለ ይደበድበው ነበር። ጋሼ፣ ወንበር ሁሉ ተይዞ ‹አንድ ሰው› እያለ ሲጮህ የገረመዎት ለዚህ ነው። ሟቹ ይወርዳል ብሎ አምኖ ነበር። መሞቱን ቢያውቅ ወንበሩን ለሌላ አይሸጥም።»

ቀጥላ ሁሉንም አየቻቸው። «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሳይሞላ የወጣ ሚኒባስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ነጋዴው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔም አላየሁም። ሰው ቢያለቅስ፣ ቢያምጥ፣ ቢራገም አይወጣም። ዛሬ ግን ወጣ፤ ያውም አንድ ሰው ሲቀረው። ያ ሰው ቢመጣ ኖሮ አሟሟቂው መነሣት ነበረበት። አሟሟቂው ደግሞ እንደማይነሣ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያንን ሰው እናንተ አጨበጨባችሁለት።»

ሹፌሩ እጁን ከደረቱ ላይ አላነሣም። «ሰው ባዝን ወንጀል ሆነ?» አለ።

«ልጅቷ ጠዋቱን ሙሉ አልቅሳልሃለች። ያዘንክላት ረዳትህ ሬሳውን ሊጎትት ሲል ነው።» ብርቱካናማዋን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይቺ ከሟቹ ኪስ የወጣች ናት። መንገድ ጠራጊዎች በጨለማ እንዲታዩ የሚለብሱት ሰደርያ ላይ የምትሰፋ ናት። ጎህ ሳይቀድ አንዷን ገጭተህ አመለጥክ። መናኸሪያ ደርሰህ መጀመሪያ ይታጠብ ያልከው የቀኙን የፊት ጥግ ነው። አጣቢው ሲያጥብ ይቺን ከብረቱ ሥር መዝዞ ጠየቀህ፤ ከኋላው መታኸው። መናኸሪያው ደግሞ መንቃት ጀምሯል፤ መደበቂያ የለህም። ኮፍያ አድርገህለት ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ቦታ አስቀመጥከው፤ አሟሟቂን ማንም አስተውሎ አያይምና። ላይኛው ከተማ ሰው ካወረድክ በኋላ ገደል ልትከተው ነበር።»

የመፍቻ ሣጥኑን ከፈተች። ውስጡ ያለው ብረት ሁሉ በግራሶ ጠቁሯል፤ የጎማ መፍቻው ብቻ በሳሙና ታጥቦ ነጥቷል። ሹፌሩ አየውና ዓይኑን መለሰ።

«ሴትየዋን አላየኋትም» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ጨለማ ነበር።»

«እሱንስ?»

ረዳቱ ከአግዳሚው ተነሥቶ ወደ ሹፌሩ ሲራመድ ፖሊሱ በመሃል ገባ፤ እሱ ግን ሊመታው አልነበረም። ፊቱ ላይ እንትፍ ብሎ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ትጠርጋለች። «እጁን ይዤ ነው የመረቅኩት» አለች። «በዚህ እጄ ነው ደሜን የምሰጣት።» መንገዱን ሙሉ ሲያስጠላት የነበረው የመኪናው ሽታ አሁን የራሷ አካል ላይ የተጣበቀ መሰላት።

«እጅሽ ምንም አልሆነም። ነይ» አለቻት መርማሪዋ። ለፖሊሱም «የሚያደርሳት መኪና አላችሁ?» አለችው።

«ሞተር ሳይክል ነበረን። ጎማ የለውም።»

ሁለቱ ሴቶች ወደ ከተማዋ መናኸሪያ ሮጡ። ወደ ላይኛው ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ ተራ ይዞ ቆሟል፤ ጢም ብሏል። «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ» ይላል ረዳቱ። ልብስ ሰፊዋ ከመቼው ገብታ ተቀመጠች። ወዲያው ከፊት ወንበር ጋዜጣ የያዘ ሰውዬ ተነሣ። ከኋላው አንዲት ሴት ዘንቢሏን አነሣች። ከነሱ ጀርባ ሁለት ጎረምሶች ተያይተው ለመነሣት ተመቻቹ። ልብስ ሰፊዋ አየቻቸውና ልቅሶዋ ገነፈለ።

መርማሪዋ መወጣጫው ላይ ቆማ በሩን በሰውነቷ ዘጋችው። ከመጸየፏ የተነሣ ምራቋ እንኳ መረራት። መታወቂያዋን አውጥታ ለሹፌሩ አሳየችው።

«ማንም አይወርድም። መኪናህ ሞልቷል፤ አንተው ነህ ሞልቷል ያልከው። አሁኑኑ ውጣ፤ መጀመሪያ የምታቆመው ሆስፒታሉ በር ላይ ነው።»

«እመቤቴ» አለ ጋዜጣ የያዘው፣ «እኔ እኮ መንገደኛ አይደለሁም። ቤቴ ይኸው ከአጥሩ ጀርባ ነው። ምሳዬ ቀርቦ እየጠበቀኝ ነው።»

«ጠዋቱን ሙሉ መንገደኛ መስለሃል፤ አሁን ደግሞ ሁን» አለችውና ወርዳ በሩን ዘጋችበት።