ሁለቴ ሲመታ ልቀቅ

የጁዶ መምህሩ ሬሳ በገዛ ትምህርት ቤታቸው መሃል፣ የልምምድ ፍራሹ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ነጩ የልምምድ ልብሳቸው ታጥቦ ተተኩሷል፣ ጥቁር ቀበቶአቸው ታስሯል፣ መነጽራቸው ታጥፎ ፍራሹ ዳር ነጠላ ጫማቸው ላይ ተቀምጧል። መርማሪዋ ከሁሉ አስቀድማ ልብ ያለችው መነጽሩን ነው። ከጠላቱ ጋር የሚተናነቅ ሰው መነጽሩን አጣጥፎ የሚያስቀምጥበት ፋታ የለውም።

የጣቢያው ፖሊሶች «ወስፌ» ይሏታል፤ ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊት ማን ደፍሮ! ጉልበቷን ስለሚያማት ሬሳው አጠገብ እስክትንበረከክ ጊዜ ወሰደባት። አንገታቸው ላይ ኮሌታው ያሳረፈው ቀይ መስመር አለ። ግራ ክንዳቸው ላይ ሰንበር፣ ግራ ተረከዛቸው ላይ ደግሞ የተላጠ ቆዳ አየች።

«ታንቀው ነው» አለ ሐኪሙ። «ግን ምልክቱ ቀላል ነው። ጤነኛ ሰው ቢሆን ራሱን ስቶ ይነቃ ነበር።»

ቀና ስትል ግድግዳው ላይ በትልቁ የተጻፈውን አነበበች፦ «ሁለቴ ሲመታ ልቀቅ»። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነው። የተያዘ ሰው ሲያቅተው በእጁ ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል፣ ያዢውም ወዲያው ይለቃል። ሕጉ ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ከተማውን ካዳረሰ ቆይቷል። መጠጥ ቤት የተያያዙ ጎረምሶች፣ ጓዳ የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት ሳይቀሩ፣ አንዱ ጠረጴዛውን ሁለቴ ከመታ ሌላው ይተወዋል። የጣቢያው ሥራ በእኚህ ሰው ምክንያት ምን ያህል እንደቀለለ መርማሪዋ አሳምራ ታውቃለች። አጥሩን ከቦ የሚያለቅሰው ሕዝብ፣ ከገበያ ሴቶቹ እስከ ቀድሞዎቹ ሰካራሞች፣ የእሳቸው ተማሪ ነበር።

የአዳራሹ ቁልፍ ያለው ሦስት ሰው ጋ ነበር፦ ባለቤታቸው፣ ሴት ልጃቸውና «ብሎን» የሚባለው መካኒክ፣ የመጀመሪያ ተማሪያቸው። ሬሳውን አገኘሁ ብሎ ጣቢያ የመጣው ብሎን ነው። መርማሪዋ የአዳራሹ ቢሮ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ጠዋት ማንን አየህ?»

«ማንንም። ልጅቷ እቤቷ ተኝታ ነበር።»

«ስለ ልጅቷ ጠየቅኩህ እንዴ?»

ያ ሁሉ ሰውነት ወንበሩ ላይ ኩምትር አለ። ሳሙና የማይበግረው የመኪና ቅባት የጠጡ ጣቶቹን አፍተለተለ። «እኔ ነኝ» አለ በድንገት። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው። ልምምድ ላይ በኮሌታቸው አነቅኳቸው። በእግራቸው ሲመቱ እያወቅኩ አልለቀቅኩም።»

«በእግራቸው?»

ብሎን አንገቱን ደፋ።

«ምን አድርገውህ ነው?»

«እንዲሁ... ተናድጄ።»

«ሃያ ዓመት ያሳደገህን ሰው እንዲሁ ተናደህ ገደልክ? በል እዚሁ ቆየኝ።»

የመምህሩ ቤት ከአዳራሹ ጀርባ ነው። በሩ ሥር የተዘጋጀ ሻንጣ ቆሟል። ልጅቷ ለብሔራዊ ቡድን ተመርጣ ወራት ካምፕ ከርማ፣ ለመሰናበት ከትናንት በስቲያ ነው የመጣችው፤ ዛሬ ለውድድር ልትሄድ ነበር። እናትየዋ ያነባሉ። የልጅቷ ዓይን ግን ደርቋል። የመስኮቱ መጋረጃ ወደ ጎን ተሰብስቦ በጨርቅ ታስሯል፤ መርማሪዋ ቋጠሮውን ትክ ብላ አየችው። ዛሬ ሌላም ቦታ አይታዋለች።

«የት ነበርሽ ጠዋት?»

«ተኝቼ» አለች ልጅቷ።

«አዎ፣ በሯ ዝግ ነበር» አሉ እናትየዋ።

መርማሪዋ የሟቹን ሰዓት አውጥታ ሰጠቻቸው። «ከቀኝ እጃቸው ላይ ነው ያወለቅነው።»

«ከቀኝ?» አለች ልጅቷ። «አባዬ እኮ በግራው ነው የሚያስረው።»

«ቆዳው እያሳከከው ነው ያዛወረው» አሉ እናትየዋ ቶሎ ብለው። ዓይናቸውን ግን ከወለሉ አላነሱም።

ከቀትር በኋላ ሐኪሙ ደወለ። መርማሪዋ ሰምታ ስትጨርስ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል። ፍራሹ ዳር ተቀመጡ።

«ይህ ጠብ አልነበረም» ብላ ጀመረች። «መነጽራቸውን በሰላም አጣጥፈዋል። ልምምድ ነበር፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር። ያዢው ከኋላቸው ሆኖ ኮሌታቸውን ጨብጧል፣ ግራ ክንዳቸውን በእግሩ ተጭኗል። ሰንበሩ ከዚያ ነው የመጣው። ቀኝ እጃቸው ግን ነፃ ነበር። ታዲያ ያንን ሕግ ግድግዳ ላይ ያጻፉ ሰው በነፃ እጃቸው ሁለቴ መምታት እንዴት አቃታቸው?»

ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው።

«ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ስላላቸው። ሰዓቱን በቀኛቸው ያሰሩት ማሰር የሚችለው ግራው ብቻ ስለሆነ ነው። ቀበቶአቸውንም ሌላ ሰው ነው ያሰረላቸው፤ ቋጠሮው የጁዶ ሳይሆን የእትዬ መጋረጃ ቋጠሮ ነው። ሐኪሙም አረጋግጦልኛል። ከሳምንታት በፊት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ነበር።»

«ምን?» አለች ልጅቷ ወደ እናቷ ዞራ።

እናትየዋ በመዳፋቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «እንዳትነግሩብኝ ብሎ አስማለን። ከሰማች ሁሉን ትታ እኔን ልታስታምም ትቀመጣለች አለ። ትሂድልኝ፣ ስትሄድ ልያት አለ። ሁለቱን ቀን እጁን ጋቢው ሥር ደብቆ ዋለባት።»

መርማሪዋ ወደ ብሎን ዞረች። «አንተ ደግሞ ውሸት አያምርብህም። የአንተ ጣት የጨበጠው ነጭ ኮሌታ እንዲያ ንጹሕ ሆኖ አይገኝም። ሕመማቸውንም ታውቃለህ። አንተ ብትይዛቸው ኖሮ የእጃቸውን ምት አትጠብቅም ነበር፤ የራሳችሁ ምልክት ነበራችሁ። እትዬም ያውቃሉ። እጃቸውን አምኖ የጠበቀው፣ ሕመማቸው የተደበቀበት ሰው ነው። የተደበቀው ደግሞ ከአንድ ሰው ብቻ ነው።»

ይህን ስትል ወደ ልጅቷ አላየችም። ፖሊስ ከሆነች ጀምሮ ባታገኘው ደስ የሚላት እውነት ይህ የመጀመሪያው ነው። ስለተላጠው ተረከዝ ሆን ብላ ምንም አላለችም፤ እዚሁ ላይ ብታበቃው ተመኘች።

«ጠዋት ከዚህ ስትሮጥ ስትወጣ አየኋት» አለ ብሎን እያለቀሰ። «ካቴናውን እኔ ላይ ያድርጉት። እሷ ትሂድ።»

«ምን ዓይነት ምልክት ነው?» አለች ልጅቷ።

«እህቴ፣ ተዪው።»

«ምን ዓይነት ምልክት ነው ያላችሁ?»

ብሎን ከንፈሩን ነከሰ። «በተረከዝ» አለ። «ሁለቴ።»

ልጅቷ ፍራሹን አየችው።

«መትቶልኝ ነበር» አለች። «እኔ ነኝ የለመንኩት፣ ከመሄዴ በፊት አንድ ዙር ብዬ። እምቢ ሲለኝ አኮረፍኩ፤ ከዚያ እሺ አለ። ስይዘው እጁን ጠበቅኩ። በተረከዙ ፍራሹን ሲመታ ለማምለጥ የሚታገል መስሎኝ ‹ጎበዝ አባዬ› አልኩት። ‹ጎበዝ› ብዬ አጠበቅኩት። ሁለቴ ነበር። ቆም ይላል፣ ደግሞ ሁለቴ።»

በሩ ላይ የቆመው ኮንስታብል ቆቡን አወለቀ። መርማሪዋ «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ወንጀለኛ የለም» አለች፤ እውነቷን ነበር፣ ነገር ግን ለማን ይጠቅማል?

እናትየዋ በጉልበታቸው ሄደው ልጃቸውን አቀፏት። ከጠዋት ጀምሮ የደረቀው ዓይኗ ያኔ እንባ አፈሰሰ። «ልቀቂኝ እማዬ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ልቀቂኝ» እያለች ተንሰቀሰቀች። ትንፋሽ ሲያጥራት እንደለመደችው የእናቷን ጀርባ በመዳፏ ሁለቴ መታች።

እናትየዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚያ ሰው ጋር የኖሩ ናቸው፤ ሕጉን ያውቁታል። አልለቀቋትም።