ያመለጠ አየር

«ሰማንያ ስድስት» አለች ልጅቷ፣ ለራሷ እንጂ ለማንም አይደለም። ዐይኗን በሹራቧ እጅጌ አሸት አሸት አድርጋ ወደ ትንሿ ስክሪን እንደገና ጎንበስ አለች። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ከጎኑ ያለው ቀይ መብራትም እንደበራ ነው።

በአባቷ አልጋ ራስጌ የተቀመጠው መሣሪያ ከጫማ ካርቶን ያንሳል። ሌሊቱን ሙሉ አየር እየነፋ በረጅም ቱቦ ወደ ማስኩ ይልካል፤ ማስኩ ደግሞ አባቷ አፍንጫ ላይ ይታሰራል። አባቷ በእንቅልፍ ልቡ ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ ቁርጥ ይላል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። የሚነፋው አየር ጉሮሮውን ከፍቶ ያሳድርለታል። ጠዋት ላይ መሣሪያው ሦስት ነገር ይናገራል፦ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ትንፋሹ ስንት ጊዜ እንደቆመ፣ በማስኩ ጠርዝ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንዳመለጠ። ያመለጠው ከሃያ አራት ካለፈ ቀይ ይበራል።

ቁጥሮቹን በትንሽ ደብተር መመዝገብ የእሷ ሥራ ነው። ማንም አላስገደዳትም። መሣሪያው ቤት የገባ ቀን አባቷ የመመሪያውን መጽሐፍ ገለጥ አድርጎ «ይሄን ያነበበ ሰውማ ያለ መሣሪያም እንቅልፉ ይመጣል» ብሎ ሲያስቀምጠው፣ እሷ አንስታ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ስሟ ቀረና «ኢንጂነር» ሆነች። መሣሪያው ያረጀ ስለሆነ የሚያስታውሰው ያለፈውን ሌሊት ብቻ ነው፤ የእንቅልፍ ክሊኒኩ የሚያምነው ደብተሩን ነው።

ኩሽና ስትገባ አባቷ ሻዩን እያማሰለ ነበር። አፍንጫው ላይ ፕላስተር ለጥፏል።

«እህ ኢንጂነር፣ እንዴት አደርን?»

«ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ያመለጠው አየር ሰማንያ ስድስት።»

ማንኪያው ቆመ። «ትናንትስ?»

«ሰማንያ አምስት። ከትናንት ወዲያ ሰማንያ ስድስት። አባዬ፣ ምንም ሊገባኝ አልቻለም። ሠላሳ ሲደርስብን እኮ ነው እሁድ ማሰሪያውን ያጠበቅኩልህ። መቀነስ ሲገባው ጭራሽ ሰማይ ወጣ።»

«የትንፋሹስ?»

«ሰረዝ ነው የሚያሳየው። አየሩ ሲበዛበት መቁጠር አይችልም።»

አባቷ ኩባያውን በሁለት እጁ ያዘ። ሁለት ወር ከምናምን በፊት የሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ቀይ መብራት ላይ ቆመ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ቀላ፣ እንደገና አረንጓዴ ሆነ፣ እሱ ግን መሪው ላይ እንደተደፋ ቀረ። ተሳፋሪዎች ትከሻውን ነቅንቀው ቀሰቀሱት። ማንም ባይጎዳም መሥሪያ ቤቱ መኪናውን ተረክቦ ጋራዥ ውስጥ ለሌሎች ሹፌሮች ቁልፍ የሚያድል ሰው አደረገው። ወደ መሪው የሚመለሰው ክሊኒኩ «ሠላሳ ሌሊት በደንብ ተጠቅሟል» የሚል ደብዳቤ ሲሰጠው ነው። ቀጠሮው ዓርብ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ረቡዕ። ደብዳቤው ዓርብ ካልደረሰ ሰባት ቁጥር በቋሚነት ለሌላ ሹፌር እንደሚሰጥ ተነግሮታል።

«የምትጽፊው በእርሳስ ነው አይደል?» አለ አባቷ።

«በእርሳስ ነው።»

«እንግዲያው ሦስቱንም አሥራ ሁለት አድርጊያቸው።» ይህን ሲል ዐይኗን አላየም። «ሰዓቱ ሞልቷል፤ ዋናው እሱ ነው። መሣሪያውማ አርጅቷል፤ የሚለውን አያውቅም።»

ልጅቷ የሰማችውን ማመን አቃታት። ይሄ ሰው አውቶቡስ ውስጥ የተረሳች አንዲት ጓንት ባለቤቷን እስክታገኝ ብሎ መስተዋቱ ላይ አንጠልጥሎ አንድ ወር የነዳ ሰው ነው። አሁን ግን ትከሻው ወርዶ፣ ድምፁም አንሶ ሲለምናት አንጀቷን በላት። ላጲሱን አወጣች። ሰማንያ ስድስትን አጠፋች፣ ሰማንያ አምስትን አጠፋች፣ በሦስት መስመር ላይ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት ጻፈች።

እናቷ ካፖርቷን እየቆለፈች ገባች። የባሏን ማንኮራፋት ሸሽታ ወደ ልጇ ክፍል ከተሰደደች ዓመታት አልፈዋል። «እኔ የምለው» አለች፣ ዳቦ እየቆረሰች፣ «ይሄ መሣሪያ ራሱ ማንኮራፋት ጀመረ እንዴ? ሰሞኑን ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ነው የሚያድረው። ይቺማ ቤቱ ቢፈርስ አትሰማም።»

አባቷን ሻዩ ትን አለው።

ትምህርት ቤት አጠገቧ የምትቀመጠው ቃጭል ናት። ቃጭል ስሟ አይደለም፤ አፏ ስለማያርፍ የወጣላት ነው። «አባትሽ መቼ ነው የሚመለሱት?» አለቻት፣ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ። «አዲሱ ሹፌር አቦ ፍሬን ሲይዝ ሁላችንንም ያሰግደናል።»

«ሰኞ ይመስለኛል።»

«አሪፍ። እኔ እሳቸው ሲነዱ ነው መስኮቱን ተደግፌ የምተኛው።»

ልጅቷ ቀኑን ሙሉ የምታስበው ስለ ሰባት ቁጥር መስኮትና ተደግፋው ስለምትተኛው ጓደኛዋ ሆነ። መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቃት «አሥራ ሁለት» ብላ መለሰች፤ ጥያቄው የጂኦግራፊ ነበር፣ ክፍሉም በሳቅ ፈረሰ።

ቤት ስትደርስ ማንም አልነበረም። በቀጥታ ወደ አባቷ መኝታ ቤት ገባች። አልጋው እንደነገሩ ተነጥፏል። አባቷ የሚተኛበት ትራስ መሐሉ ጎድጎድ ብሏል። በእናቷ በኩል ያለው ትራስ ግን ማንም የማይተኛበት ሆኖ ሳለ፣ መሐሉ ላይ መዳፍ የማይሞላ ትንሽ የሦስት ማዕዘን ቅርጽ ታትሞበታል። ጎንበስ ብላ አየችው። ማስኩን አነሳችና አስጠጋችው። ልክክ አለ።

መሣሪያው ስክሪኑ ላይ የማስክ መሞከሪያ ገጽ አለው፤ እሱ ሲከፈት በዚያው ቅጽበት የሚያመልጠውን አየር ያሳያል። ከፈተችው። ማስኩን በመዳፏ ጥርቅም አድርጋ ስትይዘው ቁጥሩ ወደ ሁለት ወረደ። ትራሱ ላይ በዚያ ቅርጽ ላይ ስታስቀምጠው ደግሞ አየሩ ሽሽሽ እያለ ወጣ፤ ቁጥሩም ሰባ፣ ሰማንያ፣ ሰማንያ ስድስት አለና ቆመ።

መሣሪያው አላበደም። ሦስት ሌሊት ሙሉ ትራስ ሲያስተነፍስ ነበር ያደረው።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ተናደደች፤ ቀጥሎ የቆሻሻ መጣያው ውስጥ ደም የነካቸው ሁለት ፕላስተሮች አየችና ንዴቷ መሄጃ አጣ። ማሰሪያውን አነሳችው። እሁድ ዕለት እሷው ራሷ፣ አንድ እግሯን አልጋው ላይ አድርጋ፣ እስከ መጨረሻው የሳበችው ማሰሪያ ነው።

አባቷ ከሥራ ሲመለስ እዚያው አገኛት። ማስኩን ትራሱ ላይ፣ ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ አየ። ኮፍያውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ከእሁድ። ጠባብ ጫማ ፊት ላይ እንደማሰር ነው የሆነብኝ። አፍንጫዬን ላጠው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት ልንገርሽ? አጥብቀሽ ስትጨርሺ እንዴት ደስ እንዳለሽ አላየሽም።» ኮፍያውን በጣቱ አዞረው። «ደግሞ ዓርብ ደረሰ። ብቻ ሰዓቱ ይሙላ አልኩ።»

«እንግዲያውስ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አይደለም። ያጠበቅሽው አንቺ ነሽ፤ የዋሸሁት ግን እኔ። አንቺንም አስዋሸሁሽ፤ ከሁሉ እሱ ነው ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥለኝ የዋለው።»

ክሊኒኩ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ልጅቷ ስልኩን አንስታ ደወለች፤ አባቷም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ያነሳችው ማስኩን መጀመሪያ የለካችለት ባለሙያ ናት። ልጅቷ ስለ ቁስሉና ስለ ማሰሪያው ነገረቻት።

«ማጥበቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር ነው» አለች ባለሙያዋ። «ፊት የሚነካው ለስላሳ ጎማ በአየር መሞላት አለበት። ማሰሪያው ሲጠብቅ ይጨፈለቅና ይባስ ብሎ አየር ያስወጣል። ደግሞ ሰው ሲተኛ ፊቱ ቅርጹን ይለውጣል፤ ስለዚህ ቁጭ ብለው ሳይሆን ተኝተው፣ አየሩ እየነፋ ነው የሚስተካከለው። ለመሆኑ ያለፉት ሦስት ሌሊቶች ስንት ነበር ያመለጠው?»

ደብተሩ ጉልበቷ ላይ ተከፍቷል። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት። አባቷ ደብተሩን ሳይሆን እሷን ነው የሚያየው፤ ፊቱ ላይ ልመናም ትእዛዝም የለበትም። ቃጭል ትዝ አለቻት፣ ግንባሯን መስኮት ላይ አስደግፋ።

«ሰማንያ ስድስት» አለች። «አንዱ ቀን ሰማንያ አምስት።»

ባለሙያዋ ቁጥሮቹን ደገመቻቸው። «እንደዚያ ከሆነማ ማስኩ ፊት ላይ አልነበረም።»

«አልነበረም» አለ አባቷ። «ትራስ ላይ ነበር። እኔ ነኝ ያደረግኩት።»

«ስለነገሩኝ ደስ ብሎኛል» አለች ባለሙያዋ ቀስ ብላ። «ግን ሦስቱን ሌሊቶች ልቆጥራቸው አልችልም። ዓርብ ይምጡ፤ ቁስሉን አየዋለሁ፤ ደብዳቤውንም ባለው ልክ እጽፈዋለሁ። መሥሪያ ቤትዎ ጥቂት ቀን ይጠብቅ አይጠብቅ ግን የእኔ ሥልጣን አይደለም።»

«ገብቶኛል» አለ አባቷ።

ስልኩ ሲዘጋ አባቷ ጫማውን አውልቆ ጋደም አለ። «ነይ እስቲ» አለ። «አየር የሌለው ጎማ መንገድ እንደማይይዝ እኔ ሹፌሩ ላውቅ ይገባኝ ነበር።»

ማሰሪያውን ሁሉ አላላችው። ቁስሉ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አደረገች፣ ማስኩን አስቀመጠች፣ አየሩን ከፈተች። ማስኩን በሁለት ጣቷ ከፊቱ ትንሽ ነጥላ ለስላሳው ጎማ እስኪነፋ ጠበቀችና መልሳ ለቀቀችው። ሽሽሽ የሚለው ድምፅ ቀነሰ። ግራውን ትንሽ፣ ቀኙን ትንሽ ሳበች፤ ጸጥ ሲል እጇን አነሳች። ከማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት እንደልብ ይገባል።

«ያማል?» አለችው።

አባቷ በአሉታ ራሱን ነቀነቀ። ሊናገር አፉን ሲከፍት አየሩ ጉንጩን ነፋበትና እንቁራሪት አስመሰለው። እሁድ ከሆነው ነገር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት ኩሽና ውስጥ እናቷ ቀድማ ተነሥታ ነበር። «ዛሬስ መሣሪያው ዝም ብሎ አደረ» አለች። «ተበላሸ እንዴ ብዬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም ነበር።»

ልጅቷ እየሮጠች መኝታ ቤት ገባች። አባቷ አልጋው ላይ ተቀምጦ ቱቦውን እየጠቀለለ ነው። ዐይኖቹ ጥርት ብለዋል። ስክሪኑን ለማየት ጎንበስ አለች።

ሃያ ስድስት።

ሁለት ሊትር ብቻ። ሁለት ሊትር ምን አላት? ሃያ አራት ብትለው አረንጓዴ ነው፤ ማን ያውቃል?

«ስንት ነው?» አለ አባቷ።

«ሃያ ስድስት።»

«ቀይ ነዋ።»

«ቀይ ነው።» ከዚያ የትንፋሹን ቁጥር አየችና ወደ ስክሪኑ ይበልጥ ተጠጋች። «አባዬ፣ ሰረዙ ጠፍቷል። ቆጥሯል። ትንፋሽህ በሰዓት የቆመው አራት ጊዜ ብቻ ነው።»

«አራት» አለ አባቷ። መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አራትን እንደ አዲስ ቃል ደጋገማት። ከዚያ ከሸሚዙ ኪስ የቁልፍ መዝገብ የሚፈርምበትን ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጣና ሰጣት።

ልጅቷ ደብተሩን ከፈተች። ሦስቱን አሥራ ሁለቶች በላጲስ አጠፋች፤ እርሳሱ ወረቀቱን ጫን ብሎት ስለነበር በስሱ መታየታቸው አልቀረም። በላያቸው ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ አምስት፣ ሰማንያ ስድስት በእስክሪብቶ ጻፈች። ከሥራቸው ሃያ ስድስት ጨመረች።

«ነገ ለባለሙያዋ ደብተሩን ማን ነው የሚሰጣት?» አለችው።

አባቷ ደብተሩን ተቀብሎ ጋራዥ የሚሄድበት ጃኬት የደረት ኪስ ውስጥ ከተተውና ዚፑን ዘጋ።

«እኔ» አለ።